ለኮሌጅ የተላከ ሽማግሌ

ሽማግሌ ሆኜ ተልኬ አውቃለሁ። ሴት መሆኔን የምታውቁ “እንዴት ሆኖ?” እንደምትሉ ይገባኛል። እኔም ያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ባለ አንድ አፓርትመንት ደረጃ ላይ፣ በሁለት አዛውንቶች መካከል ቆሜ፣ ከባርኔጣቸው የሚረግፈው በረዶ ጫማዬ ላይ ሲቀልጥ ራሴን የጠየቅሁት ይህንኑ ነው። ነገሩ ግን ከደረጃው አልጀመረም። ታሪክ ከመሐል የሚጀምር ሰው አልወድም፤ ይኸው ራሴው ጀመርኩት። ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

እኔ ዘግይቶ የተማረ ሰው ነኝ። ሌላው ልጁን ኮሌጅ በሚያስገባበት ዕድሜ እኔ ራሴን አስገባሁ። የመጀመሪያው ቀን ክፍል ውስጥ ስገባ ተማሪዎቹ በሙሉ ጸጥ አሉ፤ አስተማሪዋ መስያቸው ነበር። እኔም ጸጥ አልኩ። እነሱ እኔ እስክናገር፣ እኔ እነሱ እስኪናገሩ ስንጠባበቅ እውነተኛው አስተማሪ መጣ። እንደዚያ ያለ ሥርዓት ያለው ክፍል ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

እንደ ምንም ተመረቅሁ። ዛሬ የምሠራው አንድ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ መያዝ ነው። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ግን ሰው ወደሚፈራው ቦታ በገዛ እግሩ እንዲመጣ በስልክ ማባበል ማለት ነው። ከዚህ ሥራ የተማርኩት አንድ ነገር አለ፦ ቀጠሮ የሚሰርዝ ሰው “ፈራሁ” አይልም፤ “ሥራ በዛብኝ” ነው የሚለው። ይህቺን ያዙልኝ፤ ኋላ እመጣባታለሁ።

በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት የሚባል ነገር ከተነሳ ጣት የሚቀሰረው ወደ እኔ ነው። ከገና በፊት አንድ እሑድ የወጣቶች ኃላፊው ጠራኝና፣ “እህታችን፣ ልጆቹ አስራ ሁለተኛ ክፍል ደርሰዋል። ከአምልኮ በኋላ ስለ ኮሌጅ ማመልከቻ አንድ ነገር በያቸው” አለኝ።

“አንድ ነገር” የሚባል ነገር እኔ ዘንድ የለም። በሦስት ቀለም ወረቀት አዘጋጀሁ። ሰማያዊው ምን እንደሚያስፈልግ፣ አረንጓዴው መቼ እንደሚያስፈልግ፣ ቢጫው ደግሞ ሰማያዊውና አረንጓዴው ላልገባው። የምግብ ቤት ሜኑ ላይ የፊደል ግድፈት ሳይ በእርሳስ አርሜ የምመልስ ሰው ነኝና አትፍረዱብኝ።

ቀኑ ደረሰ፤ ክፍሉ ሞላ። በሴቶች። ፊት ለፊት ሳሮን ተቀምጣለች። ሳሮን የወዳጄ የብርቱካን ልጅ ናት፤ ዮናታን የሚባል መንትያ ወንድም አላት። ሲወለዱ እሷ ቀደመች፣ እሱ ተከተለ፤ ከዚያ ወዲህ ሰልፉ አልተቀየረም። ያን ዕለትም ሳሮን ለስንት ኮሌጅ አፕላይ እንዳደረገች በጣቷ ቆጥራ ጣት አለቀባት። አንደኛው ከወዲሁ ተቀብሏታል።

“ወንዶቹስ?” አልኩ።

“ፓርኪንግ” አሉ ሴቶቹ፣ እንደ መዘምራን በአንድ ድምፅ።

የወረቀቶቼን ሣጥን እንደያዝኩ ወጣሁ። በረዶው ቁርጭምጭሚት ድረስ ነው። ወንዶቹ የዮናታንን አሮጌ መኪና ኮፈን ከፍተው፣ ሁሉም ራሳቸውን ሞተሩ ውስጥ ከተዋል። ከኋላ ላያቸው ከአንድ ገንዳ ውሃ የሚጠጡ በሬዎች ይመስላሉ።

“ሃይ አንቲ” አሉ። ወዲያው አንደኛው የያዝኩትን ሣጥን ተቀበለኝ፤ ሌላው እንዳልንሸራተት ክንዴን ደገፈኝ። እነዚህን ልጆች ሥርዓት የላቸውም የሚል ሰው ሣጥን ተሸክሞ በበረዶ ላይ ሄዶ አያውቅም።

“ስብሰባው ተጀምሯል” አልኩ።

“የምን?” አለ ዮናታን።

“የኮሌጅ።”

“ኦ፣ ሳሮን ገብታለች። ሺ ኢዝ ጉድ፣ አታስቢ።”

“ስለ ሳሮን አልጠየቅሁህም።”

ዮናታን እጁን በጨርቅ ጠረገ። “እሷ ትማራለች፣ እኔ እሠራለሁ። ቤታችን ባላንስድ ነው፣ አንቲ።”

“እሱማ ኮልፋክስ መንገድ ላይ ጎሚስታ ሆኗል” አለ አንዱ እየሳቀ።

“ጎሚስታ አይደለሁም፣ ማን። ታየር ሾፕ ነው።” ጃኬቱን ከፈተና አሳየኝ። ሰማያዊ ሸሚዝ ደረቱ ላይ ስሙ በቀይ ክር ተሰፍቶበታል። “በስሜ አሰፉልኝ። ስጨርስ ፉል ታይም እገባለሁ።”

ሸሚዙን ያሳየኝ ሳሮን የተቀባይነት ደብዳቤዋን ባሳየችኝ ፊት ነው፤ ያው ፊት፣ ያው አፍንጫ፣ ያው ኩራት። ምን ልበል? “ጥሩ ስፌት ነው” አልኩና ተመለስኩ። የፊደል ግድፈትም አልነበረበትም።

በነገራችን ላይ ወንዶቹ አልቀሩም። ስብሰባው ሲያልቅ መጥተው ወንበሮቹን በሙሉ አጥፈው ደረደሩ፣ ጠረጴዛውን ተሸከሙ፣ የተረፈውን ፒዛ በሉ። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ያለ ወንዶቹ አንድ እሑድ አይቆምም። ወንበር ሲዘረጋ እነሱ፣ ወንበር ሲታጠፍ እነሱ። በመካከሉ ወንበሩ ላይ የሚቀመጡት ሴቶቹ ናቸው።

ዮናታን ለምን ከሁሉም ተለይቶ እንደከነከነኝ ልንገራችሁ።

ትምህርት በጀመርኩ ጊዜ የምኖረው እነብርቱካን ባሉበት ሕንፃ፣ ከእነሱ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብዬ ነበር። ክረምት ሲሆን ከቤቴ ይልቅ ምድር ቤት ያለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ይሞቃል። ስለዚህ የቤት ሥራዬን ማድረቂያው ላይ ደብተር ዘርግቼ፣ እንደ መጋገሪያ እየሞቀኝ እሠራለሁ። አንድ ቀን ክፍልፋይ ላይ ደርሼ አለቀስኩ። ለቅሶዬ ድምፅ የለውም፤ ግን ዮናታን የእናቱን ልብስ ሊጠብቅ ወርዶ አየኝ። ያኔ የአስር ዓመት ልጅ ቢሆን ነው።

“ምን ሆነሽ ነው?”

“ክፍልፋይ” አልኩት፣ እንደ በሽታ ስም።

ደብተሬን አየና ከማድረቂያው ውስጥ የእናቱን አንሶላ አወጣ፣ ትኩሱን። “ያዢው” አለኝ። ያዝኩት። “ይሄ አንድ ነው። አሁን እጠፊው። ስንት ሆነ?” ግማሽ። “ደግመሽ እጠፊው።” ሩብ። “አሁን ሁለቱን ሩብ ስጪኝ።” ዘረጋሁት። ግማሽ ሆነ። ሁለት ሩብ ግማሽ መሆኑን እኔ የተረዳሁት በአርባ ዓመቴ ዋዜማ ከማድረቂያ በወጣ አንሶላ ነው። ልጁ አልሳቀብኝም። “ብዙ ሰው ይሄ ይምታታበታል” ብሎ አንሶላውን መልሶ አጠፈና ሄደ። አስር ዓመቱ ነው እላችኋለሁ። “ብዙ ሰው” ሲል እስከዚያን ቀን ስንት ሰው አስተምሮ ነው?

እንግዲህ “ኮሌጅ ለሳሮን ነው” የሚለኝ ይህ ልጅ ነው።

የሚቀጥለው እሑድ አባቱን አቶ ወርቅነህን በር ላይ ያዝኩት። አቶ ወርቅነህ አየር ማረፊያ ከመኪና ማቆሚያው መንገደኛ የሚያመላልስ አውቶቡስ ይነዳል፤ ለልጆቹ ከመሞት የማይመለስ ሰው ነው።

“ዮናታን አመለከተ?” አልኩት።

“ዮኒ?” አለና ትከሻዬን ሊመታኝ ቃጥቶ ተወው። “ኧረ ዮኒ ምን ይሆናል። ወንድ ልጅ የትም አይወድቅም።”

“ሳሮንስ?”

“ሳሮንማ መማር አለባት። ዛሬ ሴት ልጅ ካልተማረች ማን ያዝንላታል?”

እውነቱን ነው። እኔንስ ማን አዘነልኝ? ግን ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ስሄድ አነጋገሩ እንደ ጫማ ውስጥ ጠጠር ይወጋኝ ጀመር። የትም አይወድቅም የተባለን ልጅ፣ ወድቆ እንደሆነ ጎንበስ ብሎ የሚያይ ማነው?

የኮልፋክሷ አስራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ በረዶ ሲጥል የራሷ ሃይማኖት አላት፤ በእምነት ትጠብቃታለህ እንጂ በሰዓት አይደለም። ቆሜ ስጠብቅ አንድ ታክሲ አጠገቤ ፓርክ አደረገ። ጋሽ ተስፋልደት ናቸው። አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ ሦስት ቤት እልፍ ብለው የሚኖሩ ጎረቤቴ ናቸው። አማርኛቸው ከሁላችን ይበልጣል፤ “መስኮቱን ዝጊው” ሲሉ እንኳ ነጋሪት የተጎሰመ ይመስላል።

“ግቢ ልጄ። ብርድ ዘመድ አያውቅም።”

ገባሁና የሆዴን ነገርኳቸው። መብራት ላይ ስንቆም፣ “የእኔም ወንድ ልጅ የትም አልወደቀም” አሉ። “ነብራስካ ላይ ትልቅ መኪና ይነዳል። ሁለቱ ሴቶች ተማሩ፤ እነሱን ተቆጥቼ ነው ያስተማርኩ። ባለፈው ደውሎ ምን አለኝ መሰለሽ? ‘አባባ፣ እኔን እንድማር ለምን አልለመንከኝም?’ ‘ለምን ከለከልከኝ’ ቢለኝ መልስ ነበረኝ። አልለመንከኝም ይለኛል። ልጅ ይለመናል እንዴ?”

“ይለመናል እንጂ” አልኩ ሳላስበው። “ሴት ልጅ ለጋብቻ ስትፈለግ ሦስት ሽማግሌ ቆሞ ይለምን የለም? ለኮሌጅ ግን አንድ ቢጫ ወረቀት ነው የምንልከው።”

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ጋሽ ተስፋልደት አልነዱም። ከኋላችን ጡሩንባ ተነፋ።

“እንላክ” አሉ።

“ማን ይላካል?”

“ሽማግሌ ነዋ። ለዮናታን። የላከን ማነው ቢሉ፣ ኮሌጁ።”

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከረባት መምረጥ ያዙ።

ሽማግሌ እንዲሆኑ ጋሽ በላቸውን ጨመርን። ጋሽ በላቸው የቤተ ክርስቲያናችን ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሌሊት የመኪና ጋራዥ ይጠብቃሉ፣ ቀን የትም ቦታ፣ ቆመውም ቢሆን፣ ያንቀላፋሉ። ሦስተኛ እንዲሆን የለመንነው ሰው ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ተጠራና ቀረ። “ሦስት ካልሆንን ደንብ አይሞላም” አሉ ጋሽ ተስፋልደት፣ እኔን እያዩ። “ሴት ሽማግሌ አይቼ አላውቅም” አልኩ። “ኮሌጅ ሽማግሌ ሲልክም አላየሁም” አሉኝ። እንዲህ ነው የተሾምኩት።

አሁን ጥፋቴ ይመጣል። ነገርን በደንቡ ካላደረግሁ አይመቸኝም። ሽማግሌ ከመሄዱ በፊት ለቤቱ ይነገራል፤ ጉዳዩ ግን አስቀድሞ አይገለጽም። እኔም ከቅዳሜው በፊት በደንቡ ደውዬ ነበር።

“ብርቱካን፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሽማግሌዎች ወደ ቤታችሁ ይመጣሉ። ወርቅነህም ይኑር።”

“ሽማግሌ? እኛ ቤት?”

“አዎ።”

“ለ... በምን ጉዳይ?”

“ሲመጡ ይናገራሉ” አልኩ፣ በደንቡ መሠረት፣ በራሴም ረክቼ።

አሁን እናንተ ፍረዱ። አስራ ስምንት ዓመት የሚሞላት ቆንጆ ልጅ ያለችበት ቤት ደውሎ “ሽማግሌ ይመጣል” ብሎ ስልክ የሚዘጋ ሰው ምን ይባላል? እኔ የተማርኩ ተባልኩ እንጂ።

በዚያ ቅዳሜ በሩን የከፈተልን አቶ ወርቅነህ በሙሉ ልብስ ነው። ያቺን ልብስ ከዜግነት መሐላው ቀን ወዲህ አላየኋትም። ቤቱ ያበራል። ድፎ ዳቦ ተቆርሷል፤ ለስላሳ ተደርድሯል፤ ከሶፋው ላይ ላስቲኩ ተነሥቷል። የሶፋውን እውነተኛ ቀለም ያየሁት ያን ዕለት ነው። የሳሮን መኝታ ቤት በር ተዘግቷል። ዮናታን ከሥራ ገብቶ፣ ስሙ የተሰፋበትን ሸሚዝ እንደለበሰ፣ ኩሽናው ጋ ቆሞ ዳቦ ይገምጣል። ግብዣው ስለማን እንደሆነ ያልጠየቀ እሱ ብቻ ነበር።

“ቤት ለእንግዳ፣ ተቀመጡ” አለ አቶ ወርቅነህ።

“አንቀመጥም” አሉ ጋሽ ተስፋልደት። “የመጣንበት ተሰምቶ እሺ ሳንባል መቀመጥ ደንብ አይደለም።”

ይህን ሲሉ ብርቱካን የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ ወሰደች። በመምጣታችን ልቧ የተነካ መሰለኝና እኔም ዓይኔ እንባ አቀረረ።

“አባቶች” አለ አቶ ወርቅነህ፣ የተለማመደው ንግግር ነው፤ “መምጣታችሁ ክብራችን ነው። የላካችሁም ወገን የተከበረ እንደሚሆን አንጠራጠርም። ነገር ግን ልጄ ገና ልጅ ናት። ኮሌጅ ተቀብለዋታል። ተመርቃ፣ ሥራ ይዛ፣ ከዚያ በኋላ እግዚአብሔር የፈቀደው—”

“ዳድ፣ አላገባም አልኩህ” የሚል ድምፅ ከተዘጋው በር ወጣ።

ያኔ ገባኝ። ጋሽ ተስፋልደት ግን አልደነገጡም።

“ወይዘሪት ሳሮንን ፈልገን አልመጣንም” አሉ። “የመጣነው ለዮናታን ነው።”

የባሰው አሁን መጣ። የወንዱ ቤት ወደ ሴቷ ቤት ይልካል እንጂ ወደ ወንድ ቤት ሽማግሌ የሚላክበት ጊዜ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ደስ የሚል አይደለም። ብርቱካን ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

“ዮናታን። ማናት?”

“ዋት?” አለ፣ አፉ በዳቦ ሞልቶ።

“የማን ልጅ ናት? ስንት ወሯ ነው?”

“ማሚ፣ ሁ? ማን?”

የተዘጋው በር ተከፈተ። ከጠዋት ጀምሮ አልወጣም ያለችው ሳሮን ትራሷን አቅፋ ወጣችና፣ ፊልም እንደሚያይ ሰው ጥሩ ቦታ መርጣ ተቀመጠች።

በዚህ መካከል ጋሽ በላቸው፣ እንዳንቀላፉ ቆመው የነበሩት፣ ብንን አሉ። ወዴት እንደመጡ ለማስታወስ ዙሪያውን አዩ። “ልጅ የእግዚአብሔር በረከት ነው” አሉና ተመልሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ብርቱካን ጮክ ብላ ታለቅስ ጀመር። አቶ ወርቅነህ ከረባቱን ፈታ። ዮናታን ዳቦውን ዋጠ፤ ፊቱ ላይ ግን ያላጠፋውን ጥፋት የሚያስታውስ ሰው ዓይነት ፍርሃት አየሁ።

እኔ ያለ ወረቀት በሰው ፊት መናገር አልችልም። ክፍል ውስጥ እንኳ እጄን አውጥቼ የማውቀው ለሽንት ነው። ግን እሳቱን የለኮስኩት እኔ ነኝ።

“ማንም አላረገዘም” አልኩ፣ ከፈለግሁት በላይ ከፍ አድርጌ። “የመጣነው ዮናታን ኮሌጅ እንዲያመለክት ለመለመን ነው።”

“ለመለመን?” አለ አቶ ወርቅነህ። መሳቅ ጀመረ፤ የሦስታችንን ጫማ፣ ከሥራችን የተጠራቀመውን ውሃ፣ አሁንም አለመቀመጣችንን ሲያይ ሳቁ መሐል ላይ ቆመ። “ለዚህ ሽማግሌ? መማር ከፈለገ ይማር፤ ማን ከለከለው?”

“ማንም አልከለከለውም” አሉ ጋሽ ተስፋልደት። “ማንም ደግሞ አልለመነውም። እኔ የራሴን ሳልለምን አመለጠኝ፤ ለዚህ ነው የሰው ደጅ የቆምኩት።”

“ጋሽዬ፣ ወንድ ልጅ እኮ የትም—”

“አይወድቅም” አለ ዮናታን። አማርኛው ተሰባብሮ የሚወጣ ልጅ፣ ይህቺን ቃል እንደ አባቱ አድርጎ ጥርት አድርጎ አወጣት። ከዚያ እጁን አየ። “ሳሮን ባዮሎጂ ላይ ቢ ስታመጣ እዚህ ቤት ሚቲንግ ነበር። ዳድ ከሥራ ቀረ፣ ስኩል ሄደ። እኔ ዲ ሳመጣ ‘ምንም አይደል፣ ዮኒ የትም አይወድቅም’ አልከኝ። አይ ኖው፣ ስለምትወደኝ ነው። ግን ዳድ...” ትከሻውን ነቀነቀ። “ብወድቅስ?”

አቶ ወርቅነህ ስንት ዓመት ሙሉ ለልጁ ምርኩዝ የሰጠው ይመስለው ነበር፤ ልጁ የያዘው ግን አየር ነው።

“ሾፑ ውስጥ ስሜን ያውቁታል” አለ ዮናታን፣ ቀስ ብሎ። “ኮሌጅ ሄጄ ባልችል ሁሉም ያያል። ሳሮን ችላ፣ እኔ ሳልችል። ሥራ ግን አለኝ። ቢዚ ነኝ።”

ቀጠሮ የሚሰርዝ ሰው ምን እንደሚል ነግሬያችሁ ነበር።

ያኔ የአንሶላውን ነገር ነገርኳቸው። ማድረቂያውን፣ ለቅሶዬን፣ ግማሹን፣ ሩቡን። አነጋገር ስለማልችል በእጄ አስረዳሁ፤ የብርቱካንን ነጠላ ተቀብዬ አጠፍኩ፣ ዘረጋሁ። “ብዙ ሰው ይሄ ይምታታበታል ብሎኛል። እሱ ባይኖር አልመረቅም ነበር” አልኩ።

ዮናታን ቀና አለ። “ያንን ታስታውሻለሽ?”

“ሌላ ምን አለኝ የማስታውሰው?”

“እኔንም” አለች ሳሮን፣ ከትራሷ ኋላ። “አልጀብራ ያሳየኝ እሱ ነው። ማንም ጠይቆኝ ስለማያውቅ ነው ያልተናገርኩት።”

ብርቱካን ልጇን፣ አሮጌ ዕቃ ውስጥ ወርቅ እንዳገኘ ሰው፣ ትኩር ብላ አየችው። አቶ ወርቅነህ ግን አልተቀመጠም። እንደ ሽማግሌዎቹ ቆመ። ወደ እኛ በኩል መጣና አጠገባችን ቆሞ ፊቱን ወደ ልጁ አዞረ።

“ዮናታን” አለ። “ምን ትላለህ?”

በዚያ ቤት ያ ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠየቀው ያን ቀን መሆኑን ለማወቅ ዘመድ መሆን አያስፈልግም ነበር። ዮናታን ትንሽ አሰበ። በከንፈሩ ጫፍ ሳቅ መጣ።

“ጋሽ ተስፋልደት፣ ሽማግሌ ሲመጣ ወዲያው ‘የስ’ ይባላል?”

“አይባልም። ነውር ነው። ‘እንማከርበት፣ ተመለሱ’ ይባላል።”

“ስንት ጊዜ?”

“እንደ ተለማኙ ክብር ነው። ሁለቴም፣ ሦስቴም።”

ዮናታን በተሰፋው ስሙ ላይ እጁን አሳረፈ። “እንግዲህ እንማከርበት” አለ። “ተመለሱ።”

ታክሲው ውስጥ ጋሽ ተስፋልደት ስቀው ስቀው መሪውን በግንባራቸው ነኩት። “ተለማኙ ደንብ ያውቃል!” አሉ። እኔ ግን አረንጓዴው ወረቀት ትዝ አለኝ፤ ማመልከቻው የሚዘጋው በወሩ መጨረሻ ነው። ሙሽራ ቢያስለምን ሠርግ ይገፋል፤ ኮሌጅ ግን አይገፋም።

በሁለተኛው ቅዳሜ ተመለስን። አቶ ወርቅነህ ከመንገድ ተቀብሎን የታክሲውን መስተዋት በረዶ ጠረገልን፤ ከተለማኙ ቤት ይቁም ከለማኞቹ ጎራ ግራ የገባው ይመስላል። በሳምንቱ መሐል ከሥራ ቀርቶ ከዮናታን ጋር ኮሌጁን ሊያይ እንደሄደ ብርቱካን በሹክሹክታ ነገረችኝ። “ሁለቱም ጠፍተው ማታ ነው የመጡት። እየሳቁ።”

ዮናታን በደንቡ ጥያቄ ጠየቀን። ቅዳሜ ቅዳሜ ሾፑን መያዝ ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። መጀመሪያ ዝቅ ካለው ሒሳብ ቢጀምር ይሳቅበት እንደሆነ ጠየቀ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረ።

“አንቲ፣ የመጀመሪያ ቀን ፈርተሽ ነበር?”

“ሥራ ነበረብኝ” ልል ነበር። “እስከ በሩ ሄጄ ተመለስኩ” አልኩት። “አንድ ጊዜ አይደለም። ሕንፃውን እየዞርኩ አበባ የምመለከት መስዬ ነበር። ክረምት ነው፤ አበባ የለም።”

ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ተወ። “ተመለሱ” አለን።

“ከሚቀጥለው ቅዳሜ በኋላ ባለው ሰኞ ይዘጋል” አልኩ፣ ደንብ አፍርሼ። ጋሽ ተስፋልደት እጄን ቆንጠጥ አደረጉኝ።

ያን ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም። ሥራ ቦታ ጥርሱን ያመመውን ሰው “ማመልከቻህን አስገባህ?” ብዬው አውቃለሁ። ሦስተኛው ቅዳሜ ደረሰ። ጋሽ ተስፋልደት ከረባት፣ ጋሽ በላቸው ካፖርት፣ እኔ ጫማዬን ውሃ እንዳያበላሸው ላስቲክ አድርጌ ደረጃውን ወጣን።

የከፈተልን ዮናታን ራሱ ነው። እጁ ታጥቧል፤ ጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁር ግን አልለቀቀም። ቤተሰቡ ከኋላው ቆሟል። ከሶፋው ፊት ለፊት፣ ሰው ሁሉ እንዲያይ ሆኖ፣ ሦስት ታጣፊ ወንበር ተዘርግቷል። ዘወትር እሑድ የሚያጥፋቸው የቤተ ክርስቲያናችን ወንበሮች ናቸው፤ ተሸክሞ ያመጣቸው እሱ ነው።

ጋሽ ተስፋልደት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “እንደምን ዋላችሁ። እንደ ደንቡ ለሦስተኛ ጊዜ—”

“ጋሽ ተስፋልደት” አለ ዮናታን።

“አቤት ልጄ።”

ወንበሮቹን በእጁ አሳየን።

“ተቀመጡ።”

ጋሽ ተስፋልደት ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊታቸውን ሸፈኑበት፤ ለብርዱ አልነበረም። አቶ ወርቅነህ ደጋግሞ “ተቀመጡ እንጂ፣ ተቀመጡ” እያለ፣ እሱ ግን ቆሞ ልጁን በሁለት እጁ ያዘው፣ እንደሚወድቅ ነገር። ጋሽ በላቸው ተቀመጡ፣ “ተባረክ” አሉ፣ አንቀላፉ።

እኔ ትንሽ ዘገየሁ። ለእኔ የተዘረጋው ወንበር ላይ አንድ አንሶላ ነበር፣ በአራት ታጥፎ። ሳነሳው ገና ትኩስ ነው።